ፋይሉ ደህና፣ ገጹ ዝብርቅርቅ፦ ኮንተንት ታይፕን ከየት እና እንዴት እንላክ?

«ልጄ፣ ገጹን ጠንቋይ የጻፈው አስመሰልከው እኮ!»

የደወሉልኝ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ናቸው። በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ። የማኅበሩን ድረ ገጽ የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ከአንድ ሆስቲንግ ወደ ሌላ፣ ዋጋው ረከስ ወዳለ ቦታ አዛውሬው ነበር። ተራ የኤችቲኤምኤል ፋይሎች ናቸው፤ አንዲት ፊደል ሳልነካ ነው የገለበጥኳቸው። ከፍቼ ሳየው እውነትም ጉድ ነው። «ሰላም» በሚለው ቦታ ላይ ጭረት የተጫነባት የላቲን ‹ኤ› ቁጭ ብላለች። ከጎኗ ባርኔጣ የመሰለች ምልክት፣ ከዚያ የዲግሪ ምልክት፣ ከዚያ እንደገና ያቺው ‹ኤ›።

ፋይሉን በኤዲተር ስከፍተው አማርኛው ፍንትው ብሎ ይታያል። አናቱ ላይ ‹ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ-8› ተብሎ ተጽፏል፤ ዩቲኤፍ-8 ግዕዝንም ሌላውንም ፊደል የሚይዘው ኮድ ነው። እንደገና ሴቭ አደረግኩት። እንደገና ጫንኩት። ካሹን አጸዳሁ። የሰርቨሩን ሄደር፣ ማለትም ከፋይሉ ፊት የሚልከውን መግለጫ፣ ማየት ትዝ ያለኝ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አዲሱ ሰርቨር እያንዳንዱን ገጽ የሚልከው «ይሄ ጽሑፍ አይኤስኦ-8859-1 ነው» እያለ ነበር፤ ግዕዝ የማያውቅ የላቲን ፊደል ኮድ ነው። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ነኝ ይላል፣ ሰርቨሩ አይደለህም ይላል። ብራውዘር ደግሞ ሁለቱ ሲጣሉ ሰርቨሩን ነው የሚያምነው።

ኮንተንት ታይፕ ማለት ይቺ ሰርቨሩ ከፋይሉ ፊት የሚያስቀድማት መስመር ናት። ለዘመድ በአውቶቡስ ዕቃ ስንልክ ካርቶኑ ላይ የምንጽፈው ዓይነት ነገር። ሁለት ነገር ትናገራለች፦ ፋይሉ ምን እንደሆነ፣ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ በምን ኮድ እንደተጻፈ። አሠራሩ ከኢሜይል የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ናታንኤል ቦረንስታይን እና ኔድ ፍሪድ በጻፉት ማይም በተባለው ደንብ የዛሬ መልኩን ይዞ ወደ ድር ተሻገረ። ጨዋታው ያለው መስመሯን ከየት ሆነን እንደምንጽፋትና ምን ብለን እንደምንጽፍባት ላይ ነው። በሁለቱም በኩል ምርጫ አለ፤ እኔ ተቃጥዬ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ ስትገቡ እንደተለመደው በላቲን ነው።

መጀመሪያ ግን በሽታውን እንለይ

ገጹ የተበላሸ ሁሉ የኮንተንት ታይፕ በሽተኛ አይደለም። ሦስት ዓይነት ብልሽት አለ፤ ሰው ሁሉ ግን «አማርኛው አይታይም» ብሎ ነው የሚደውለው።

ባዶ ሳጥኖች ከሆኑ የሚታዩት፣ ጽሑፉ በደህና ደርሷል፤ የጎደለው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ከገጹ ጋር ላኩ፣ አለቀ። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ነገሩ የከፋ ነው። ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ፣ ግዕዝ የማያውቅ ሠንጠረዥ ላይ ወድቆ ጠፍቷል። ምንም ሄደር አይመልሰውም፤ ባካፕ ፈልጉ።

ያቺ ጭረታም ‹ኤ› በየሦስት ምልክቱ ብቅ የምትል ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ-8 ግን እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። ዲስኩ ላይ ያለው እንዲህ ነው፦ 225 136 176፣ 225 136 139፣ 225 136 157። ሰርቨሩ አይኤስኦ-8859-1 ነው ካለ፣ ብራውዘሩ በተግባር የሚዘረጋው ዊንዶውስ-1252 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ነው። እዚያ አንድ ባይት አንድ ፊደል ነው፤ 225 ደግሞ ያቺ ‹ኤ› ናት። ዋናው የፊደል ገበታችን ከሀ እስከ ፐ በሙሉ በ225 ስለሚጀምር ነው ገጹ በእሷ የሚሞላው። ባይቶቹ አንድም አልተነኩም። የተሳሳተው መለያው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሥሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት በነቪዥዋል ግዕዝ እና በነፓወር ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ፣ ኮዱ ላቲን ሆኖ ቅርጹ ብቻ ነው ግዕዝ። እሱ በመቀየሪያ ፕሮግራም እንጂ በኮንተንት ታይፕ አይድንም።

ከየት እንናገር? አራት ቦታ አለ

አንደኛው የሰርቨሩ ቅንብር ነው። አፓቼ የሚባለው ሰርቨር ከሆነ ‹አድ ዲፎልት ቻርሴት ዩቲኤፍ-8› የምትል አንድ መስመር ‹ዶት ኤችቲአክሰስ› ፋይል ውስጥ ትበቃለች። ሲፓነል ያለው የጋራ ሆስቲንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይሄን ለማድረግ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። የኔንም ጉድ የፈታችው ይቺው መስመር ናት፤ ከአምስት ሰዓት ልፋት በኋላ አሥር ሰከንድ። ልብ በሉ፣ የምትሠራው ለኤችቲኤምኤል እና ለተራ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሲኤስኤስ (የገጹ መልክ የሚጻፍበት) ወይም ጃቫስክሪፕት ውስጥ አማርኛ ካላችሁ ‹አድ ቻርሴት› ብላችሁ ለየቅጥያው መናገር አለባችሁ።

ኤንጂንኤክስ የሚባለው ሌላው ሰርቨር ላይ ‹ቻርሴት ዩቲኤፍ-8› ብላችሁ መስመሩን ትዘጋላችሁ። የምትዘጉት በላቲኑ ምልክት (;) ነው! አንድ ጊዜ ኪቦርዴ አማርኛ ላይ እንዳለ በራሳችን ድርብ ሰረዝ ዘግቼው ሰርቨሩ አልነሳ ብሎኝ ነበር፤ ስክሪን ላይ ልዩነታቸውን ለማየት ዓይን ያስፈልጋል። ኤንጂንኤክስ ‹ኤችቲአክሰስ› የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ዋናውን ቅንብር የመንካት ፈቃድ ከሌላችሁ ይሄ መንገድ ለእናንተ ዝግ ነው። እዚህም ሲኤስኤስ በነባሪው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ‹ቻርሴት ታይፕስ› ላይ ራሳችሁ ትጨምሩታላችሁ።

ሁለተኛው ኮዱ ነው። ሰርቨር ላይ ገጽ የሚያዘጋጀው የፒኤችፒ ቋንቋ ከ5.6 ሥሪቱ ወዲህ ሳትጠይቁት ዩቲኤፍ-8 ብሎ ይልካል። ሌላ ዓይነት ፋይል ስትልኩ ግን ‹ሄደር› በሚለው ፈንክሽን ራሳችሁ ትናገራላችሁ። የኮዱ ጥቅም ሆስቲንግ ስትቀይሩ አብሯችሁ መሄዱ ነው። ጉዳቱ፣ ሄደር ከማንኛውም ጽሑፍ በፊት መውጣት አለበት። ከፊቱ አንዲት ባዶ ቦታ ከሾለከች «ሄደሩ ቀድሞ ሄዷል» ብሎ ይጮሃል።

ሦስተኛው ገጹ ውስጥ ያለው የሜታ መስመር ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይሄን ነው፤ ከአራቱ ደካማው ግን እሱ ነው። ሰርቨሩ ዝም ካለ ይሰማል፤ ሰርቨሩ ከተናገረ ማንም አይሰማውም። ከፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መገኘትም አለበት። ረጅም አማርኛ ኮሜንት ከላይ የሚጽፉ ሰዎች ይሄን ይረሱታል፤ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ሲሆን 1024 ባይት 341 ፊደል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አትተዉት። ሰው ገጹን ኮምፒውተሩ ላይ ሴቭ አድርጎ ሲከፍተው ሰርቨር የለም፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ሜታው ብቻ ነው።

አራተኛው ቦም የሚባሉት ሦስት ባይቶች ናቸው፦ 239 187 191፤ ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጠው «ዩቲኤፍ-8 ነኝ» ይላሉ። ብርቱ ናቸው፤ ዛሬ ያሉት ብራውዘሮች ከሰርቨሩም በላይ እነሱን ያምናሉ። ታዲያ ለምን ሁሉም ቦታ አንጨምራቸውም? ፒኤችፒ ፋይል አናት ላይ ከተቀመጡ፣ የማይታይ ጽሑፍ ቀድሞ ወጣ ማለት ነው፤ ያ የቅድሙ ጩኸት ይመጣል። የድሮው የዊንዶውስ ኖትፓድ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ሴቭ ስታደርጉ ሳይነግራችሁ ይጨምራቸው ነበር። ከዊንዶውስ 10 የ1903 ሥሪት ጀምሮ ነው ያለ ቦም ሴቭ ማድረግ ነባሪው የሆነው። ስንት ሰው ነው በእነዚህ ሦስት የማይታዩ ባይቶች ሌሊቱን ያነጋው!

የኔ ምርጫ? ሰርቨሩ ላይ መናገር፣ ሜታውንም መድገም። ሰርቨሩን መንካት የማትችሉ ከሆነ ኮዱ ላይ። ቦምን ለድረ ገጽ አልመክርም።

አማዞን ኤስ3ን በመሰለ ማከማቻ ላይ ገጽ የምታስቀምጡ ግን ወግ ሌላ ነው። እዚያ መለያው ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር ይቀመጣል። ፋይሉን በራሳችሁ ኮድ ስትጭኑ ዓይነቱን ካልነገራችሁት ‹ባይነሪ/ኦክቴት-ስትሪም› ብሎ ይይዘዋል፤ ትርጉሙ «ምን እንደሆነ አላውቅም» ነው። ያኔ ሰው ሊንኩን ሲነካ ገጹ አይከፈትም፣ ይወርዳል። ቅንብሩን ብትቀይሩ የቀድሞዎቹ ፋይሎች አይስተካከሉም፤ መለያቸውን አንድ በአንድ ማደስ ነው።

ኤችቲኤምኤል ወይስ ኤክስኤችቲኤምኤል?

ይሄ ክርክር ያረጀ ቢመስልም አሁንም የሚጠይቀኝ አለ፤ በተለይ ኮሌጅ ውስጥ በድሮ ማስታወሻ የተማረ። ኤክስኤችቲኤምኤል ማለት ኤክስኤምኤል በሚባለው ጥብቅ ደንብ የሚጻፍ ኤችቲኤምኤል ነው። 1.0 ሥሪቱ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ነው። ያኔ መጪው ዘመን የሱ ነው ተብሎ ነበር። ብዙ ሰው ገጹን በኤክስኤችቲኤምኤል አጻጻፍ ጻፈ፤ የላከው ግን ‹ቴክስት/ኤችቲኤምኤል› ብሎ ነው። ብራውዘሩ የሚያየው መለያውን ስለሆነ ያ ሁሉ ጥንቃቄ እንደ ተራ ኤችቲኤምኤል ተነበበ።

በትክክለኛ ስሙ፣ ‹አፕሊኬሽን/ኤክስኤችቲኤምኤል+ኤክስኤምኤል› ብላችሁ ስትልኩት ነው ልዩነቱ የሚመጣው። ያኔ ብራውዘሩ ይቅርታ የማያውቅ የኤክስኤምኤል አንባቢ ያነሳል። ገጻችሁ ላይ የአንድ ሱቅ ስም አለ እንበል፦ ‹እገሌ & ልጆቹ›። ያቺን ምልክት በኮዷ ሳይሆን እንዲሁ ጻፋችኋት። በ‹ቴክስት/ኤችቲኤምኤል› ማንም ልብ አይላትም። በኤክስኤምኤሉ መንገድ ግን ንባቡ እዚያው ይቆማል፤ ፋየርፎክስ ገጹን ሁሉ ትቶ የስህተት መልእክት ብቻ ያሳያል። አንድ ደንበኛ ቅጽ ላይ የጻፋት አንዲት ምልክት ሙሉ ገጽ ትዘጋለች ማለት ነው። ‹ዶኪዩመንት ዶት ራይት› የሚጠቀሙ የቆዩ ስክሪፕቶችም እዚያ አይሠሩም።

ድሮ ሌላም ምክንያት ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 8ኛው ሥሪት ድረስ ይሄን ዓይነት አያውቀውም፤ ገጹን ከማሳየት «ላውርደው?» ይል ነበር። 9ኛው እ.ኤ.አ. በ2011 ተቀበለው። ስለዚህ ያኛው ምክንያት ሞቷል። የ‹እገሌ & ልጆቹ› ምክንያት ግን አለ። አንዳንዶች ብራውዘሩ የሚቀበለውን ዓይነት የሚናገርበትን ‹አክሰፕት› ሄደር እያዩ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ይልኩ ነበር። ዛሬ ያን ማድረግ ትርፉ ድካም ነው።

ለድረ ገጽ ‹ቴክስት/ኤችቲኤምኤል› ምረጡ፤ ይሄ ላይ ቅንጣት አልጠራጠርም። ኤክስኤችቲኤምኤል ግን አልሞተም። ኢፐብ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ውስጡ ኤክስኤችቲኤምኤል ነው። የአማርኛ መጽሐፍ በኢፐብ የምታዘጋጁ ከሆነ ያቺ & ማንበቢያ መሣሪያው ላይ መጥታ ታገኛችኋለች።

ይከፈት ወይስ ይውረድ?

ፒዲኤፍ ስታስቀምጡ ‹አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ› በሉ። ሰዎች እንዲያወርዱት ፈልገው ‹ኦክቴት-ስትሪም› የሚሉ አሉ። ይሠራል፣ ግን ውሸት ነው፤ ስልኩም በምን እንደሚከፍተው ግራ ይገባዋል። ለማስወረድ የተሠራ ሌላ ሄደር አለ፦ ‹ኮንተንት ዲስፖዚሽን፦ አታችመንት›። ዓይነቱ እውነተኛው ይሁን፣ «አውርደው» የሚለውን ይሄኛው ይናገር። ሰዉ በጥቅል ዳታ ነው የሚጠቀመው፤ ትልቅ ፋይል ከሆነ ሊንኩ ላይ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ብትጽፉበት ከየትኛውም ሄደር በላይ ትመሰገናላችሁ።

የፋይሉን ስም በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። ስሙን ግን በመቶኛ ምልክት ኮድ ማድረግ ግድ ነው፤ አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። ‹የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ› የሚለው ስም ሄደሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚረዝም ገምቱት። እኔ አጠር ያለ ስም እሰጣለሁ።

ሰው የጫነውን ፋይል መልሳችሁ የምታሳዩ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ ለጥንቃቄ ነው። ሰው ምስል ነው ብሎ ኤችቲኤምኤል ወይም ስክሪፕት ያለበት ኤስቪጂ (እንደ ኮድ የሚጻፍ ምስል) ሊጭንባችሁ ይችላል። በራሳችሁ የድረ ገጽ ስም ከተከፈተ ስክሪፕቱ የእናንተ ገጽ ላይ ሠራ ማለት ነው። ጊትሃብ የተጠቃሚዎችን ጥሬ ፋይል በሌላ የድረ ገጽ ስም፣ ‹ቴክስት/ፕሌን› ብሎ የሚልከው ወዶ አይደለም።

‹ኖስኒፍ› ይብራ ወይስ ይጥፋ?

ብራውዘሮች የሰርቨርን ስህተት ለመሸፈን ፋይሉን እያሸተቱ የመገመት ልማድ አላቸው። ‹ኤክስ ኮንተንት ታይፕ ኦፕሽንስ፦ ኖስኒፍ› የሚለው ሄደር «አትገምት» ይላል። ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ጋር ነው የመጣው። ይብራ። መጀመሪያ ግን መለያዎቻችሁን አስተካክሉ፤ አለበለዚያ በስህተት ‹ቴክስት/ፕሌን› ተብሎ ይላክ የነበረው ጃቫስክሪፕት በአንድ ጊዜ ይታገዳል፣ ገጹም ሥራውን ያቆማል። ለጃቫስክሪፕት ‹ቴክስት/ጃቫስክሪፕት› በሉ፤ ‹አፕሊኬሽን› የሚለውን እ.ኤ.አ. የ2022ቱ ደንብ ጡረታ አውጥቶታል፣ ብራውዘሮች ግን ዛሬም ይቀበሉታል።

ኮንሶሉ ላይ «ሞጁሉ ቴክስት/ኤችቲኤምኤል ሆኖ መጣ» የሚል ቀይ መልእክት ስታዩ ወደ ሰርቨር ቅንብር አትሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ አድራሻ ነው የተሳሳተው። ሰርቨሩ ስክሪፕቱን ሲያጣ በምትኩ የመጀመሪያውን ገጽ ይልካል፤ መለያውማ ትክክል ነው።

ጄሶን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ጽሑፍ) የሚልክ ኮድ ‹አፕሊኬሽን/ጄሶን› ይበል፤ ፒኤችፒ ላይ ዝም ካላችሁት ኤችቲኤምኤል ነው ብሎ ይልከዋል፣ ውስጡ ያለው የሰው ጽሑፍም እንደ ገጽ ሊከፈት ይችላል። ቻርሴት አትጨምሩለት፤ ጄሶን ሲላክ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በደንቡ የተወሰነ ነው።

እንዴት ላረጋግጥ?

ኮምፒውተር ላይ ኤፍ12 ተጫኑ፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ፣ ገጹን አድሱ፣ የመጀመሪያውን መስመር ነክታችሁ ሄደሮቹን አንብቡ። ተርሚናል የለመደ ‹ከርል›ን በትልቁ ‹አይ› አማራጭ ያስኪድ። ሆስቲንግ በቀየራችሁ ቁጥር፣ ለደንበኛ «አለቀ» ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። ከመነሻ ገጹ ሌላ አንድ ሲኤስኤስ፣ አንድ ፒዲኤፍ፣ የሌለ አድራሻም ሞክሩ።

ጸሐፊው ከወራት በኋላ እንደገና ደወሉ። «ጠንቋይህ ተመልሷል።» የአባላት ዝርዝር የሚወርድበት ሊንክ ሠርቼላቸው ነበር፤ ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ ሠንጠረዥ)፣ ‹ቴክስት/ሲኤስቪ›፣ ዩቲኤፍ-8፣ ሁሉም በወጉ። ሄደሩን አየሁት፤ እንከን የለውም። እሳቸው ግን አውርደው በኤክሴል ነው የከፈቱት። ፋይል ዲስክ ላይ ሲያርፍ መለያው ይቀራል፤ ኤክሴል ደግሞ ምንም ካልተነገረው የዊንዶውሱን ነባር ሠንጠረዥ ይዘረጋል። ሜታ የለ፣ ሰርቨር የለ። የቀረኝ ያ አልመክርም ያልኩት ቦም ነው። ከዝርዝሩ ፊት 239 187 191ን ጻፍኩ። ከፈቱት፤ ፊደሉ ወለል ብሎ መጣ።

«በል አሁን ደግሞ» አሉኝ፣ «የሁለት አባላት የአባት ስም ለምን እንደተቀያየረ ንገረኝ።» እሱ የኔ ጥፋት ነበር።